ራጁ ንጹሕ ነው፤ ጉልበቱ ግን ያማል

በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ጉልበቴን አመመኝ ሲል ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው የታወቀ ነው። «በዚህ ዕድሜህ?» የሚለው ይቀድማል። ብርድ መቶህ ነው፣ ሪህ ነው፣ ሥጋ አብዝተህ ነው የሚለው ይከተላል። ክሊኒክ ሲሄድ ራጅ ይታዘዝለታል፤ ራጁ ንጹሕ ይሆናል፤ ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ይመለሳል። ለጥቂት ቀን ቀለል ይለዋል። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወርድ ያው ሕመም እዚያው ቦታ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ደርሰው ከሆነ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፤ ንጹሕ ራጅ ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም። ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው። በወጣት ጉልበት ላይ የሚደርሰው ችግር ደግሞ በብዛት ያለው ጅማት፣ ልም አጥንትና ጡንቻ ላይ፣ እንዲሁም ጉልበቱ በድንገት በተሸከመው ጫና ላይ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያ ሳይሆን ከእርስዎ ታሪክና ከሐኪሙ እጅ ይወጣል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ምርመራ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ እጅ ያለውን ሥራ ይጨርሱ።

ለነገ የማይባሉት

ጉልበትዎ አብጦ፣ ሲነኩት እየጋለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ካለዎት ማንበቡን ትተው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ሊያበላሽ ይችላል። በወጣቶች ላይ ጨብጥም ወደ ጉልበት ሊዛመት ስለሚችል ሐኪሙ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ቢጠይቅዎ አይቀየሙ፤ ጥያቄው የሕክምናው አካል ነው፤ እውነቱን ይንገሩት።

ወድቀው ወይም ጉልበትዎ ተጠማዝዞ ከሆነስ? አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ፣ ጉልበትዎን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ካቃተዎ፣ የጉልበት ሎሚው ላይ ብቻ ወይም ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ጉብ ባለችው አጥንት ላይ ሲጫኑ ካመመዎት ራጅ ያስፈልጋል። ይህ በካናዳ ኦታዋ የተዘጋጀ፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በብዙ አገር የሚሠሩበት መለኪያ ነው። ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ካለም በዚያው ቀን ይታይ። ባትዎ በአንድ በኩል ብቻ አብጦ ካመመ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ፣ ከወሊድ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከጄሶ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ድንገተኛ ነው።

ቀስ ብለው የሚመጡ ግን ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እረፍት የማይለውጠው፣ ከጉልበት በላይ ወይም በታች ጠንካራ እብጠት እያሳደገ የሚሄድ ሕመም ነው። በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚነሡ የአጥንት ዕጢዎች የሚመርጡት ቦታ ጉልበት ዙሪያ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም የብዙ ሰው አይደለም፤ የደረሰበት ሰው ግን በዚያው ሳምንት ራጅ መነሣት አለበት። ወጌሻ ቢያሸው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ ነው፤ አንድ ጉልበት ለሳምንታትና ለወራት ቀስ እያለ ያብጣል፣ ማታ ማታ ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል። ሳል የግድ አይኖርም፤ ብዙ ሰው «ቲቢ ቢሆን ባሳለኝ ነበር» እያለ የሚዘገየው በዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ከቶንሲል ሕመም ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞ የሚመጣ፣ ዛሬ ጉልበት ላይ፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ቀጥሎ ክርን ላይ የሚዞር ሕመም ነው። ይህ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ቢሆንም በሃያዎቹም ይከሰታል። መገጣጠሚያውን ሳይጎዳው ሊያልፍ ይችላል፤ የሚጎዳው ልብን ነው። ልብ በሐኪም መደመጥ፣ ካስፈለገም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ጊዜ አለዎት። ቀጣዩን በእርጋታ ይሥሩ።

አንድ ገጽ ይጻፉ

ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ያለዎት ደቂቃ ጥቂት ነው። በዚያች ጊዜ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ቆይቷል» ካሉ የሚያገኙት መድኃኒትም የዚያን ያህል ጠቅላላ ይሆናል። በደብተር ወይም በስልክ ላይ አንድ ገጽ ጽፈው ይሂዱ፤ ይህን ማንም በነጻ ሊያደርገው የሚችል ከኤምአርአይ የሚበልጥ ምርመራ እለዋለሁ።

መቼ ጀመረ የሚለውን ይጻፉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከመጀመሩ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ምን እንደተለወጠ ያስቡ። ብዙ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ሲጠየቅ ግን ከቅጥር ግቢ ቤት ወጥቶ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብቷል። ወይም ዓመቱን ሙሉ ሳይሮጥ ከርሞ ለኅዳሩ የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎሜትር በሁለት ሳምንት ልምምድ ተዘጋጅቷል። ወይም የሕማማት ሰሞን ነበር፤ በዓመት አንዴ የሚሰገደው ስግደት በጥቂት ቀን ተሰግዷል። ወይም ሚኒባስ መንዳት ጀምሯል፤ በአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ሲረግጥና ሲለቅ ይውላል። ወይም ወንበር ላይ በቀን አሥር ሰዓት የሚያስቀምጥ ሥራ ይዟል። ጉልበት ቀስ በቀስ የጨመሩበትን ብዙ ጫና ይለምዳል፤ የሚያምፀው ድንገት የተቆለለበት ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የጠዋቱን ሁኔታ ይጻፉ። ከአልጋ ሲነሡ ጉልበትዎ ይገትራል? ለአምስት ደቂቃ ከሆነና ጥቂት ሲራመዱ ከለቀቀዎት ነገሩ በአብዛኛው የጫና ነው። ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ እረፍት ሲያበዙ እየባሰ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ከተሻለዎት ግን ሰውነት ራሱ የሚያስነሣው የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሌሎች ነገሮችንም ይመዝግቡ፤ ሌሊት የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ የተረከዝ ሕመም፣ ቆዳ ላይ የሚላላጥ ነገር፣ የጣቶች ማበጥ። ከሕመሙ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ነበረ? ያልፈላ ወተት ይጠጣሉ? ከብት ጋር ይውላሉ? ብሩሴሎሲስ የሚባለው፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣው በሽታ በዚህ መንገድ ይመጣል፤ ካልተጠየቁ በራስዎ ያንሡት።

እብጠት ካለ የመጣበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሐኪሞች ይህችን ዝርዝር በጣም ይፈልጓታል። እግር ኳስ ሲጫወቱ «ቋ» ብሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ውስጡ ደም ሊሆን ይችላል፤ መካከል ላይ ያለው ዋናው ጅማት መበጠሱ ወይም አጥንት መሰንጠቁ ይጠረጠራል። በማግሥቱ ያበጠ ከሆነ ግን ሜኒስከስ የተባለው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መቀደዱ ይበልጥ ያመዝናል።

የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሰጠዎትንና ስሙን የማያውቁትን መርፌ ጨምሮ ያስፍሩ። ማሸጊያውን አይጣሉ።

ጣትዎ የሚያርፍበት

አሁን ቁጭ ብለው ሕመሙን በአንድ ጣት ያሳዩ። በአንድ ጣት ማሳየት አቅቶዎት መዳፍዎ ሙሉ የጉልበቱ ፊት ላይ ካረፈ፣ ደረጃ መውረድ ከመውጣት ከባሰብዎት፣ ቁጢጥ ሲሉ ካመመዎትና ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው ሲነሡ ጉልበትዎ ከተገተረ በወጣቶች ዘንድ ከሁሉ የሚዘወተረው ችግር አለብዎት ማለት ይቻላል። ሐኪሞች ፓቴሎፌሞራል ሕመም ይሉታል፤ ሯጮች የሯጭ ጉልበት ይሉታል። የጉልበት ሎሚ በጉድጓድ አፍ ላይ እንዳለ የገመድ መዘውር ነው፤ የጭን ጡንቻ ጉልበትን የሚዘረጋው በእርሱ ላይ አልፎ ነው። የጭኑና የዳሌው ጡንቻ ከደከመ፣ ወይም ሥራው በድንገት ከበዛ ሎሚው ከጭን አጥንቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይቆጣል። ራጁም ኤምአርአዩም ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ግን እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ይህ በሽታ የሚታወቀው በጥያቄና በእጅ ምርመራ ነው፤ ፊልም ላይ አይጠበቅም።

ጣትዎ ከሎሚው ግርጌ፣ ወደ ቅልጥም በሚወርደው ወፍራም ጅማት ላይ ካረፈና ዝላይ ካባባሰው የጅማቱ መድከም ነው። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ያውቁታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በቅልጥሙ አናት ላይ ጉብ ያለ አጥንት ከቀረ፣ በጉርምስና የነበረ ሕመም ትቶት የሄደው ነው፤ ተንበርክኮ ካልተጫነ በቀር ብዙ አያስቸግርም። ሎሚው ላይ ከቆዳ ሥር እንደ ውኃ የሚንቀሳቀስ እብጠት ደግሞ ከመንበርከክ ይመጣል፤ ወለል የሚያጥቡ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፉና ብዙ የሚሰግዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ቀልቶ ከጋለ ግን ወደ ሐኪም ነው።

ከውስጥ በኩል፣ በሁለቱ አጥንቶች መገናኛ መሥመር ላይ በአንድ ጣት የሚታይ ሕመም፣ በተለይ እግር ተተክሎ ሰውነት ከዞረ በኋላ የመጣ ከሆነ ሜኒስከስን ያስጠረጥራል። ከውጭ በኩል ሆኖ መሮጥ ሲጀምሩ ሳይኖር ጥቂት ኪሎሜትር ላይ፣ በተለይ ቁልቁለት ሲወርዱ የሚነሣ ከሆነ ከዳሌ እስከ ቅልጥም የሚወርደው ሰፊ ጅማት ነው። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሎሚው ወደ ጎን የሄደ መሰለኝ» የሚሉ ከሆነ ሎሚው ከቦታው የመንሸራተት ጠባይ ሊኖረው ይችላልና በዚሁ አነጋገር ይንገሩ፤ «ያመኛል» ብቻ ካሉ ይህ ይጠፋል።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልበል። ጉልበቴ ይንቋቋል ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። ሕመምና እብጠት የሌለበት ድምፅ በሽታ አይደለም፤ ሊተዉት ይችላሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር ግን አለ፤ ዳሌ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል፣ ዳሌው ራሱ ግን ዝም ሊል ይችላል። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ አጥፈው ሌላ ሰው እግርዎን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ያዙረው፤ በዚህ ጊዜ ጭንዎ በዳሌው ላይ ወደ ውስጥ ይዞራል። ብሽሽት ላይ ካመመዎት ወይም ከሌላው እግር ጋር ሲተያይ አልዞር ካለ፣ ራጅ የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ዳሌ ነው። ለብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የወሰዱ ወይም መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች የዳሌ አጥንታቸው ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ስለሚችል ይህ ለእነርሱ ዋና ጉዳይ ነው።

እግረ መንገድዎን ሁለቱን ጉልበት በመስታወት ያስተያዩ። ከሎሚው ግራና ቀኝ ያለው ሰርጓዳ ቦታ አንዱ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ውስጡ ፈሳሽ አለ። የእጅዎን ጀርባ ያሳርፉበት፤ ጤነኛ ጉልበት ከጭኑም ከቅልጥሙም ቀዝቀዝ ይላል፤ እኩል ከሞቀ ለሐኪሙ የሚነገር ነው። ከሎሚው በላይ አንድ ስንዝር ላይ በሜትር የጭንዎን ዙሪያ ይለኩ፤ የታመመው ወገን ከቀጠነ ጡንቻው ሥራ ፈቷል።

ሐኪም ዘንድ

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚታከሙ ከሆነ መታወቂያዎን ይዘው ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ሪፈር ወረቀቱ ወደ ሆስፒታል የሚያስገባዎት እርሱ ነው። በግል ለሚታከም ሰው ምክሬ ወዲያው ኤምአርአይ ወዳለበት አለመሮጥ ነው። ሁለቱ ጉልበትና ዳሌ እንዲታይ ቁምጣ ወይም ወደ ላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ልብስ ይልበሱ፤ ጠባብ ጂንስ የለበሰ ሰው ጉልበቱ ሳይታይ መድኃኒት ተጽፎለት ይወጣል። ሴት ባለሙያ እንድትኖር ወይም የሚያውቁት ሰው አብሮዎት እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ።

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅተው ይግቡ። ለምሳሌ፦ «ዶክተር፣ ቀኝ ጉልበቴ ፊት ለፊት ከሦስት ወር ወዲህ ያመኛል፤ ደረጃ ስወርድ ይብሳል፤ አላበጠም፤ አልወደቅሁም።» ከዚያ ገጹን ይስጧቸው። ምርመራው ሳይጨረስ ወረቀት መጻፍ ከተጀመረ በትሕትና «እባክዎን ዳሌዬንም ይዩልኝ» ይበሉ። ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ይጠረጥራሉ? ምን አለመሆኑን አረጋገጡ? እስከ መቼ ካልተሻለኝ ልመለስ? ለሦስተኛው ቀን ካልተቆረጠልዎት ሕክምናው አልተጨረሰም ብለው ይያዙት።

ካርድዎ ካርድ ክፍል ይቀራል፤ የራጅ ፊልሙና የላቦራቶሪው ወረቀት ግን በእርስዎ እጅ ነው። ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

ወረቀቶቹን እንዴት እንደሚያነቡ

በአገራችን ክሊኒኮች የመገጣጠሚያ ሕመም ሲባል ሦስት የደም ምርመራዎች ተያይዘው ይታዘዛሉ፦ ኤኤስኦ፣ አርኤፍ እና ዩሪክ አሲድ። ከሦስቱ አንዱ ከፍ ካለ በሽታው ተገኘ ተብሎ ለዓመታት የሚያስጨንቅ ስም ይሰጣል። ሦስቱም ብቻቸውን ሲቆሙ ደካማ ምስክር ናቸው። ኤኤስኦ የሚናገረው በቅርብ ጊዜ የጉሮሮ ባክቴሪያ አጋጥሞዎት እንደነበር ነው፤ ትኩሳትና የሚዞር የመገጣጠሚያ እብጠት ከሌለ የልብ በሽታ ማስረጃ አይሆንም። አርኤፍ ጤነኛ ሰዎች ላይም ይገኛል፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ላይገኝ ይችላል። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ብሎ ዕድሜ ልካቸውን ሪህ የማይነካቸው ብዙ ናቸው። ያ በሽታ ሲጀምር በአብዛኛው የእግር አውራ ጣትን በድንገት አንድ ሌሊት ያቀላና ያሳብጣል፣ የሚበዛውም መካከለኛ ዕድሜ ባላቸው ወንዶች ላይ ነው። የ24 ዓመት ወጣት ሴት ደረጃ ስትወርድ የሚያማት ጉልበት በዩሪክ አሲድ ተመካኝቶ ሥጋና ምስር መከልከሏ የሚያሳዝን ነው።

የበለጠ የሚጠቅሙት ቀላሎቹ ናቸው። ኢኤስአርና ሲአርፒ የተባሉት በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖር አለመኖሩን ይጠቁማሉ። ጉልበቱ ፈሳሽ ከቋጠረ ደግሞ ከማንኛውም የደም ምርመራ የሚበልጠው ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ማየት ነው፤ መግል፣ ደም፣ የሪህ ቅንጣት ወይም ባክቴሪያ እንዳለ ያሳያል፤ ቲቢ ከተጠረጠረም በጂንኤክስፐርት ይመረመራል። ሰው መርፌውን ይፈራል። ያበጠ ጉልበት ይዞ ወራት መቀመጥ ግን ከመርፌው የከፋ ነው።

ኤምአርአይ ውድ ነው፣ ቦታውም አለው፦ ጉልበቱ ሲቆለፍ፣ ሲከዳ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ሲቆይ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ኖሮ ራጁ ንጹሕ ሲሆን። ለፓቴሎፌሞራል ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ጉዳትም አለው፤ ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ጉልበት ኤምአርአይ ቢያነሡ ጥቂት የማይባሉት ላይ የሜኒስከስ ለውጥ ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጣትዎ ካረፈበት ቦታ ጋር ካልተስማማ ቀዶ ሕክምና ከመፍቀድዎ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ያማክሩ።

መርፌውና ወጌሻው

ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ የሕመሙን ምንጭ አይነካም። ለጥቂት ቀን መውሰድ ይቻላል፤ በየሳምንቱ መወጋት ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። ቅባቱ ለጨጓራ ይሻላል። የበለጠ የምፈራው ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ነው። ምርመራ ሳይደረግ ሲሰጡ ተአምር ይመስላሉ፤ ሕመሙ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ኢንፌክሽንም ቲቢም ካለ ግን ይሸፍኑታል፣ ያባብሱታልም። ሲደጋገሙ ከላይ ያልኩትን የዳሌ አጥንት ሞት ያመጣሉ። ለሳምንታት ሲወስዱ ቆይተው ከሆነ ደግሞ በድንገት አያቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያውርድልዎት።

ወጌሻ ጋ መሄድ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው፤ እናትዎ ሲሉ እምቢ ማለት ይከብዳል። ወሰን ግን ያበጁ፦ ላበጠ፣ ለጋለ ወይም ራጅ ላልተነሣ አዲስ ጉዳት መታሸትም መጠምዘዝም የለም። ጠበቅ አድርጎ በቀርከሃ መታሰር እግር እስከማጣት አድርሷል። ያበጠ ጉልበት ላይ በምላጭ መበጣትም ሆነ ዋግምት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ የቲቢ ወይም ሌላ መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ ሳያቋርጡ ይሂዱ።

ስድስት ሳምንት

አደገኛዎቹ ከተወገዱና ሕመሙ የፊት ጉልበት ወይም የጅማት ከሆነ ሕክምናው እንቅስቃሴ ነው። ይህን ስል ፊታቸው የሚጠቁር አሉ፤ መርፌ ጠብቀው «ስፖርት ሥራ» ሲባሉ የተናቁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ለዚህ ሕመም ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው የጭንና የዳሌ ጡንቻን በአንድነት ማጠንከር ነው። ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ከሁሉ ይሻላል፤ ሦስትና አራት ጊዜ እንኳ ታይተው ትክክለኛውን አሠራር ከተማሩ ቀሪውን በቤት ይሠሩታል።

ሙሉ እረፍት አይውሰዱ፤ ጡንቻው ይበልጥ ይከሳል። ጫናውን ይቀንሱ፦ ሩጫውን ለጊዜው በእግር ጉዞ ይለውጡ፣ ቁጢጥ ብሎ መሥራትን ይተዉ፣ ወንበር ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛውን እግር ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ የታመመውን። የሚሰግዱ ከሆነ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ቁጥሩንም ለጊዜው ስለመቀነስ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፉ ይሥሩ፤ የሠሩትንም ይመዝግቡ። በጀርባዎ ተኝተው የታመመውን እግር ቀጥ እንዳለ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አምስት ሰከንድ ይያዙት። በጎንዎ ተኝተው የላይኛውን እግር ሳያጥፉ ወደ ላይ ያንሡ፤ ይህ ለዳሌ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በጀርባዎ እንደተኙ ጉልበት አጥፈው መቀመጫዎን ከወለል ያንሡ። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀልዎት የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁርጥራጭ ጭንዎ ላይ አስረው ያክብዱት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በጥቂቱ ዝቅ ማለትን፣ ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ቆመው ጤነኛውን እግር በዝግታ ወደ ታች ማውረድን ይጨምሩ። ሲወርዱ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በመስታወት ይዩት።

ሲሠሩ ጥቂት ቢያምዎት አይደንግጡ። ከ0 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ እስከ 3 ድረስ ይፈቀዳል፤ በማግሥቱ ጠዋት ወደነበረበት መመለስ ግን አለበት። ካልተመለሰ የትናንቱ በዝቷልና ይቀንሱ እንጂ አይተዉ። በሁለተኛው ሳምንት «ለውጥ የለም» ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው፤ ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይገነባም። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አይፍረዱ፤ ሙሉ ለውጡ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ሯጮች ሲመለሱ እርምጃቸውን አጠር፣ ቁጥሩን በደቂቃ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ቢያደርጉት ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

አሁንም ካልሆነ

ስድስት ሳምንቱን በሐቅ ሠርተው ምንም ካልተለወጠ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ይህ ራሱ አዲስ መረጃ ነው። የጠዋት መገተርና እብጠት ካለ የሚሻለው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ ከተገኘም የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም ነው። ጉልበቱ የሚቆለፍና የሚከዳ ከሆነ የአጥንት ስፔሻሊስት ነው። ያልታየው ዳሌና ወገብ አሁን ይታይ።

ሁሉም ተመርምሮ ንጹሕ ሲሆን «ምንም የለህም» ይባላል። ይህን መልስ እንዳለ አይቀበሉት፤ በጥያቄ ይለውጡት፦ «አደገኛ ነገር የለም ማለትዎ ነው ወይስ ሕመሙ የለም?» የመጀመሪያው ከሆነ መልካም ዜና ነው። ለወራት የቆየ ሕመም ጉዳቱ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓቱን አንቅቶ ሊያቆየው ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና መንቀሳቀስን መፍራት ደግሞ ያባብሱታል። ይህ ሕመሙ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም፤ ሕክምናው እንቅልፍን ማስተካከልና ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ነው ማለት ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ያን አንድ ገጽ፣ ፊልሙንና የስድስት ሳምንቱን መዝገብ ይዘው ይግቡ፤ አዲሱ ሐኪም እንደገና ከሀ እንዳይጀምር፣ እርስዎም ለዚያው ምርመራ ሁለቴ እንዳይከፍሉ።